የሁዳዴ እራት በታካያማ

ስለ ጃፓኗ ታካያማ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ቤቶቿ ነበር። ስለ እራቷ አንድ ሰው እንኳ አስጠንቅቆኝ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር።

የሄድኩት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው፣ ሁዳዴ አጋማሹ ላይ። ጊዜውን የመረጥኩት እኔ ሳልሆን ፈቃድ የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ነው። ቪዛው እንደምታውቁት ነው፤ የባንክ ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ በየቀኑ የት እንደማድር የሚዘረዝር ፕሮግራም። በረራው በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በሴኡል በኩል ናሪታ፣ የቶኪዮ አውሮፕላን ማረፊያ። ከቶኪዮ ናጎያ ሺንካንሰን በሚሉት እጅግ ፈጣን ባቡር፣ ከናጎያ ታካያማ ደግሞ ሂዳ በሚባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሁሉም ሰው ግዙ የሚላችሁን የባቡር ፓስ አትግዙ። በፈረንጆቹ 2023 ዋጋው ንሮ የ7 ቀኑ 50,000 የን ገብቷል። እንደኔ ሁለት ሦስት ከተማ ለሚያይ ሰው ኪሳራ ነው።

ታካያማ ተራራ መሀል ያለች የእንጨት ከተማ ናት። በፈረንጆቹ 1692 የሾጉኑ፣ የጃፓን ወታደራዊ ገዢ፣ መንግሥት ከአካባቢው ገዢ ወስዶ በቀጥታ ያስተዳድራት ጀመር። የነጋዴዎቹ ሰፈር ሳንማቺ ይባላል። ቤቶቹ ከፊት ጠባብ ናቸው፣ ወደ ውስጥ ግን አያልቁም። ኩሳካቤ የሚባለውን የ1879 የነጋዴ ቤት ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ወራጁን እዩ። ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ጠማቂዎቹ ደጃፋቸው ላይ ከጥድ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ኳስ ይሰቅላሉ። አዲስ ሳኬ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ እየቆየ ቡናማ ይሆናል። የጠላ ቤታችን በእንጨት ላይ የተደፋች ጣሳ ትዝ አለችኝ።

ያደርኩት ሪዮካን ነው፣ ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ። እራትና ቁርስ ከመኝታው ጋር ተጠቃሎ ይከፈላል። መጾሜን መቼ ልንገራቸው ብዬ አዲስ አበባ የጉዞ ወኪሌን ስጠይቀው፣ "ስትደርሺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ችግር የለውም" አለኝ። የማስያዣው ቅጽ ላይ "ቬጂቴሪያን" የምትል አንዲት ቃል ጣል አድርጌ ተውኩት። በወኪሉ ዛሬም አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ግን ሰው ቀኑን ሙሉ እራት ሲሠራልኝ እንደሚውል እያወቅሁ በአንዲት ቃል የተገላገልኩት እኔ ነኝ።

ልክ 12 ሰዓት ሲሆን የቤቱ እመቤት ተንበርክከው በሩን አንሸራተው ገቡ። ኦካሚ ይሏቸዋል። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ሳህኖቹን ደረደሩ። ጥሬ ዓሣ። በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ምድጃ አስቀምጠው እሳት ለኮሱ። ምድጃው ላይ ትልቅ ደረቅ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ሚሶ የሚባል የአኩሪ አተር ሊጥ፣ ሚሶው ላይ ሦስት ቁራጭ የሂዳ፣ የአካባቢው፣ የበሬ ሥጋ። ስቡ እንደ ቀሚስ ጥለት በቀዩ ላይ ተጠልፏል። ጾም ከገባ ወሩ ነው። ሽታውን ተዉት።

ስልኬ ላይ አስተርጉሜ "ይቅርታ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም" የሚለውን አሳየኋቸው። አነበቡት። አንገታቸውን ዘመም አድርገው በጥርሳቸው መሀል አየር ሳቡ። "ቾቶ…" አሉ። ቾቶ ትንሽ ማለት ነው። ጃፓኖች ግን "አይሆንም" ብለው ላለማሳፈር ነው የሚሉት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ "ትንሽ ጠብቂ" የተባልኩ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቆይቶ ምግብ አብሳዩ ራሳቸው መጡ፤ ሸምገል ያሉ ሰው። ግንባራቸው ምንጣፉን ሊነካ እስኪደርስ እጅ ነሱኝ። ጥፋተኛዋ እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥጋው ተነሳ፤ በምትኩ የተቀቀለ ካሮት፣ የቀርከሃ ቀንበጥና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ መጣ። እፎይ ብዬ ሁለቴ ጎረስኩ። በጣም ጣመኝ። "መረቁ ከምንድነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ምን አስጠየቀኝ! ኦካሚዋ ወጥተው የመዶሻ እጀታ የሚመስል ቡናማ ነገር ይዘው ተመለሱ። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው እንደ እንጨት ጮኸ። ዓሣ ነው። ካትሱኦቡሺ ይባላል፤ ተጭሶ፣ ደርቆ፣ እንደ ሳንቃ እየተላገ ውኃ ውስጥ ይገባል። ዳሺ የሚሉት መረቅ ብዙ ጊዜ ከእሱና ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረም ይወጣል። አትክልቱ ውስጥ አለ፣ ሾርባው ውስጥ አለ፣ የኑድሉ መረቅ ውስጥ አለ። "ሥጋ የለውም" ሲሏችሁ አልዋሹም፤ ዳሺን ዓሣ ብሎ የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። እኔ ባደግሁበት ቤት አይበላም።)

በነጭ ሩዝ አደርኩ። ሌሊት እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ፈታሁ። በሩ ወረቀት ነው፤ አንዷ ፍሬ ስትሰበር ጎረቤት ይሰማል። አፌ ውስጥ እያራስኩ በላሁ።

መጽሐፎቹ ሪዮካን አድሮ እራቱን ያልበላ ሰው ጃፓንን አላየም ይላሉ። ጾመኛ ከሆናችሁ አትስሟቸው። ምግብ የሌለበትን፣ ስዶማሪ የሚባለውን ያዙ። አይ፣ እራቱ አይቅርብኝ ካላችሁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በጃፓንኛ ጻፉላቸው። "ቬጂቴሪያን" ብላችሁ አትለፉ። የማትበሉትን አንድ በአንድ ዘርዝሩ፣ የዓሣ ዳሺንም ጨምሩ። ሾጂን ሪዮሪ የሚለውንም ጻፉ። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፤ ሥጋም ዓሣም አይነካውም። መንገድ ላይ ደግሞ ሚታራሺ ዳንጎ አለላችሁ፤ የሩዝ ዱቄት ድብልብል፣ በስንጥር ተሰክቶ የአኩሪ አተር ሶስ ተቀብቶ የሚጠበስ። ሌላ ከተማ ጣፋጭ ነው፤ ታካያማ ላይ ግን ጨው ጨው ይላል። ቀኑን በእሱ ነው የዋልኩት።

ኋላ ኦሚሐቺማን የምትባል ከተማ ስዶማሪ ይዤ ሰላም አገኘሁ። ከኪዮቶ በተራ ባቡር 40 ደቂቃ አይሞላም። የዚያ አገር ነጋዴዎች በአንድ እንጨት ሁለት ሸክም ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው አጎበር በየአገሩ ሲያዞሩ የኖሩ ናቸው። የእነሱ ሱቅ በደረቴ በሉት። ቦዩ ዳር ያለው መጋዘን ሁሉ ያምራል። ልቤ ግን ታካያማ ቀርቷል።

የታካያማውን ቁርስ አልነገርኳችሁማ። ሺራካዋጎ ወደሚባለው መንደር የሚሄደውን የጠዋት 2፡50 አውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ኦካሚዋ ደረጃው ሥር ቆመዋል። በእጃቸው እንደ ቀበቶ የረዘመ ጥቁር ደረቅ ነገር ይዘዋል። ከፍ አድርገው አሳዩኝና "ኮምቡ ዳኬ" አሉ። ኮምቡ ብቻ። ሾርባው፣ ቶፉው፣ እንጉዳዩ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ተሠርቷል። አብሳዩ ከመጋረጃው ኋላ ያዩኛል።

በጠዋት መብላቴን የንስሐ አባቴ ያውቁታል። ሻንጣዬን አስቀመጥኩ። ሾርባውን እስከ ጠብታው ጨልጬ ሩዝ አስጨመርኩ። ሺራካዋጎን እስካሁን አላየሁትም።