ድስቴን ወንዝ ውስጥ ያጠብኩ ዕለት

ለጥምቀት ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ እየበላን ሳለ፣ አንደኛው ብዙ ሲያመነታበት የቆየ በሚመስል ድምፅ “ለመሆኑ አሁን ቤት አገኘህ?” ሲል ጠየቀኝ። የምን ቤት እንደሚለኝ ግራ ገብቶኝ ዝም ብዬ አየሁት። ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝ እኔው ራሴ ባለፈው ዓመት ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትን ፎቶ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ብርቱካንማ ድንኳን ደጃፍ ላይ፣ ፀጉሬ ተንጨብሮ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሼ፣ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከፎቶው ሥር አንዳች ነገር አልጻፍኩም። ያን ጊዜ ማብራሪያ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እኔ በምኖርባት በአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል ውስጥ በአውራ ጎዳና ድልድይ ሥር ድንኳን ተክለው የሚኖሩ ቤት አልባ ሰዎችን በቪዲዮ ያላየ ሰው በሰፈራችን የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የሰፈሬ ሰው እኔንም ከእነሱ እንደ አንዱ ቆጥሮ፣ በአፉ እያዘነ በሆዱም ትንሽ እየተገረመ ከርሟል። ፎቶውን ለእናቴ ያሳየቻት አንዲት ጎረቤታችን ስትሆን፣ እናቴም “ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ የእኔ ልጅ ግን ማደሪያ አለው፤ ከከፋው ይምጣ” ብላ በእህቴ ስልክ ድምፅዋን ቀድታ ልትልክልኝ ስትል፣ እህቴ “ያፍራል፣ ተይው” ብላ እንዳስቀረችው የነገሩኝ ገና አሁን ነው።

እውነቱን ስነግራቸው ነገሩ ከመቅለል ይልቅ ከበደ። ቤት አለኝ። ቤቴን ቆልፌ፣ ለድንኳኑ፣ ለመኝታ ከረጢቱና ለጋዝ ምድጃው የሁለት ሳምንት የትርፍ ሰዓት ክፍያዬን አውጥቼ፣ መሬት ላይ ለመተኛት ደግሞ ለአንድ ሌሊት 20 ዶላር ያህል ከፍዬ ነው ጫካ የገባሁት። “ከፍለህ?” አለ ከመካከላቸው ዲቪ ሞልቶ ውጤት የሚጠባበቀው። መብራት አለው ወይ? የለውም። ውሃስ? የለውም። ስልክስ? አይሠራም። “ታዲያ የከፈልከው ለምኑ ነው?” ለዚህ ጥያቄ በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ እኔንም ስላላጠገበኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሲያትል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዘው ዳሪንግተን የምትባለውን ትንሽ ከተማ ካለፉ በኋላ፣ ከካስኬድ ተራሮች የበረዶ ቅላጭ የሚወርድበት ሳውክ የተባለ ወንዝ አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ እንደ ተፈጥሮው እንዲፈስ በሕግ ከተጠበቁት ወንዞች አንዱ ሲሆን፣ በዳርቻው የደን መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጃቸው የድንኳን ማደሪያዎች ይገኛሉ። “ያዘጋጃቸው” ስል የተደለደለ መሬት፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ እሳት የሚነድበት የብረት ቀለበትና ውሃ የሌለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ማለቴ ነው። የሽንት ቤቱን በር ከፍቼ ወደ ውስጥ ስመለከት፣ ያን ሁሉ ሰዓት በአውሮፕላን የበረርኩት ከዚህ ለመሸሽ አልነበረም እንዴ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ።

የጋበዙኝ የምሠራበት መጋዘን ባልደረቦች ነበሩ፤ ጊዜውም የሠራተኞች በዓላቸው የሚውልበት የሦስት ቀን ዕረፍት ማለትም በእኛ ጳጉሜን ልትገባ ስትል ነው። ያ ሰሞን ለእኔ ክፉ ነው። የሩፋኤል ዕለት በዝናቡ ስንጠመቅ፣ ከዚያም አደዩ ሲፈነዳ ትዝ እያለኝ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ከምቀመጥ ውሃ ያለበት ቦታ መሄዱን መረጥኩ። አጉል ኩራትም ነበረብኝ። እኔ ከዓባይ መውጫ ነኝ፣ በደንገል ታንኳ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝና ስለ ወንዝ የምታስተምሩኝ ነገር የለም ብዬ ለመጋዘኑ ሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በታንኳ የተሳፈርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንደኛውም አልቅሻለሁ።

መግቢያው ላይ በመስተዋት የተሸፈነ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። ባልደረቦቼ ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ እኔ ድስቴን አቅፌ አለፍኩ። ክፍያውን የሚቀበል ሰው የለም፤ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ ከትተህ፣ የመኪናህን የታርጋ ቁጥር ጽፈህበት በብረት ሣጥን ቀዳዳ ትሰድና ቁራጩን ወረቀት ከቦታህ ምሰሶ ላይ ትሰቅላለህ። ይህ ሣጥን እኛ ሰፈር ቢተከል ስንት ሌሊት ያድር ነበር ብዬ በሆዴ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሙዳየ ምጽዋት ስንት ዘመን በደጅ እንደኖረ ትዝ ብሎኝ በሳቄ አፈርኩ።

የመጠጥ ውሃ ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግም በዚያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ወንዝ ዳር እየሄድኩ ውሃ የምሸከምበት ምክንያት አልታየኝም ነበር። የሳውክ ውሃ ባደርንበት በኩል የሥሩ ጠጠር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ጥርት ያለ ነው፤ ይሁን እንጂ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ አይጠጣም አሉኝ። እንዲያ እየጮኸ ከሚወርድ ውሃ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከባልደረባዬ የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ኩባያ ውሃ ለመንኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እስከዚያ ቀን ድረስ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ክብሬን ያስመለስኩት በምግቡ ነው። በድርቀቱ ምክንያት እሳት ማንደድ ስለ ተከለከለ፣ ማታውን ቤቴ ሠርቼ ያመጣሁትን ዶሮ ወጥ በጋዝ ምድጃ አሞቅሁት፤ ሽታው በዛፎቹ መካከል ሲሄድ ከማዶ ድንኳን ሰዎች አንገታቸውን አውጥተው ያዩን ነበር። እነሱ ያመጡት ቋሊማና ለስላሳ ነጭ ዳቦ ነው። ይህን ሁሉ ዕቃ ጭነው፣ ይህን ሁሉ መንገድ ነድተው ያን የሚበሉ ሰዎች በእውነት ያሳዝኑኛል። ትንሿ ልጅ ሁለት እንቁላል በልታ ሦስተኛ ጠየቀች፤ አባቷ እንጀራውን በሹካ ሲወጋው እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሁሉም አመሰገኑኝ፤ እኔም በዚያ ምስጋና ላይ ቆሜ ባዶውን ድስት ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ያደረግሁትን በዝርዝር የምጽፈው እስከ ዛሬ ስለሚቆጠቁጠኝ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ ተንበረከክሁ፤ ድስቱን ነከርኩት፤ ሳሙና አንጠባጠብኩበት፤ እናቴ እንደምታደርገው በጭብጥ አሸዋ ፈተግሁት። ነጩ አረፋና የቅቤው የበርበሬው ቀይ ቅባት ተያይዘው በጠራው ውሃ ላይ ሲዘረጉ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስሉ ነበር፤ እኔማ ደስ ብሎኝ ተመለከትኩት። ከኋላዬ የጠጠር ኮሽታ ሰማሁ። የመጡት በጡረታ ዘመናቸው በጋውን እዚያው በተጎታች ቤት እየኖሩ ማደሪያውን በበጎ ፈቃድ የሚጠብቁ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። “ጌታው፣ እባክዎ ድስቱን ከውሃው ያውጡልኝ” አሉኝ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ የድምፃቸው ትሕትና ግን አንቱ ከማለትም የሚበልጥ ነበርና ያደቀቀኝ እሱ ነው። ቢጮኹብኝ አፍ አላጣም ነበር።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ድንጋዩ ሥር ተወሽቃ የቀረች የሽንኩርት ቁራጭ በሁለት ጣታቸው አንስተው ፌስታል ውስጥ ከተቱ። ከዚያም ማንኛውም ዕቃ የሚታጠበው ከወንዙ 60 ሜትር ያህል ርቆ መሆኑን ገልጸውልኝ፣ “70 እርምጃ ነው፤ አብረን እንቁጠር” አሉኝ። ቆጠርን። ውሃ የሚያንጠባጥብ ድስት አቅፌ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎን እንደ ተማሪ ድምፄን አሰምቼ እየቆጠርኩ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ቡናውን በሚጠጣበት ድንኳን ደጃፍ ሁሉ አለፍኩ። 40 ላይ ስንደርስ ዶሮዬን ከበሉት ባልደረቦቼ ፊት ነበርን። የሚናገር ጠፍቶ ሁሉም አቀርቅሮ ሳለ፣ ያች ሦስት እንቁላል የበላች ልጅ ብድግ ብላ በሽማግሌው ፊት ጠበቃ ሆነችልኝ፤ “አይቆጡት፣ እነሱ አገር ወንዝ የለም እኮ!”

እነሱ አገር ወንዝ የለም። ለዓባይ ልጅ! ልጅቱ ስለ ኢትዮጵያ የሰማችው ድርቅ ብቻ ስለሆነ በቅንነት ነው የተናገረችው። መልስ ልስጥ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ዳሩ ግን የቅባቱ ጥለት ገና ከወንዙ ላይ ሳይጠፋ፣ “ከወንዝ አገር መጣሁ” ብል “ወንዝ የለም” ከመባል የባሰ ውርደት ይሆንብኝ መሰለኝና 41 ብዬ ቀጠልኩ።

እጥበቱን ሽማግሌው ራሳቸው አሳዩኝ፤ ቆሻሻውን ውሃ በጨርቅ አጥልለው ፍርፋሪውን ፌስታል ውስጥ አስቀሩት፣ የቀረውን ውሃ ሰፊ መሬት ላይ በተኑት። ምክንያቱንም ነገሩኝ። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ፣ ወንዙን ሽቅብ እየወጣ፣ እንቁላሉን የሚጥለው በዚያ እኔ አንድ በአንድ በቆጠርኩት ጠጠር መካከል ነው፤ እንቁላሉም ሳይሞት የሚፈለፈለው ንጹሕ ውሃ በጠጠሩ ውስጥ ሲያልፍበት ነው። ያን ሌሊት ድቦች ሽታ ተከትለው እንዳይመጡ ምግቡም ድስቱም መኪና ውስጥ ተቆልፎ ሲያድር፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው እኔ ግን በአንድ ስስ ጨርቅ ተሸፍኜ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ማሰማት ክልክል ስለሆነም ፍርሃቴን በዝምታ ነው ያሳለፍኩት።

ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ለልጅቱ የምመልሰው ነገር ፍለጋ ስለ ጣና ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትም ሌላ ኃፍረት ሆነ። ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት ነጭ ዓሣ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም በርካቶቹ ክረምት ሲገባ እንደ ሳልመኑ ርብን፣ ጉማራን፣ መገጭን ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ የሚያልቁትም ለመራባት ሲወጡ ከወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ስለሚጠብቃቸው ነው። የራሴን ሐይቅ ዓሣ ጠባይ ለማወቅ የሰው አገር ወንዝ ማቆሸሽ አስፈልጎኛል።

ይህን ሁሉ ስናገር ዲቪ የሞላው ጓደኛዬን የማረከው የፖስታው ሣጥንና የድቡ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእሱም ለሌሎቻችሁም የምለውን እዚህ ልበል። ከስደት የሚላክላችሁን ፎቶ፣ የሚያምረውንም የሚያሳዝነውንም፣ አትመኑ፤ እኔ ከዓመቱ ውስጥ ደን ያየሁት ሦስት ቀን ሲሆን የቀረውን ጊዜ የማሳልፈው መስኮት በሌለው መጋዘን ካርቶን ስቆጥር ነው፤ መጋዘኑን ግን ፎቶ ያነሣሁበት ቀን የለም። ነጮቹ ድህነትን ለሦስት ሌሊት ተከራይተው ሲደሰቱ አይታችሁ አትሳቁባቸው፤ ሰኞ ማታ ወደ ሙቅ ውሃቸው ይመለሳሉ። ከመሄዳችሁ በፊት እንግሊዝኛ ተማሩ ይላችኋል ሰው ሁሉ፤ እኔ ደግሞ የተለጠፈ ነገር ቆሞ ማንበብን ልመዱ እላለሁ፤ እኛ ሰው መጠየቅ እንወዳለን፣ እዚያ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ሰሌዳ ነው ያለው። እናታችሁ ፌስቡክ ባይኖራትም ጎረቤቷ አላትና ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ጻፉ።

ዓሣው አልቆ እጃችንን ልንታጠብ ስንነሣ፣ ከእኛ 20 እርምጃ በማይርቅ ቦታ አንድ ልጅ ባጃጅ ከሐይቁ አፋፍ አቁሞ በጆግ ውሃ እየቀዳ ሲያጥብ አየን። አረፋው ቁልቁል ወርዶ ወደ ደንገሉ ይሄዳል። ጓደኞቼ እርስ በርስ ተያዩና አንዱ፣ “በል ሂድ፣ 70 አስቆጥረው” አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄ ተነሣሁ፤ ምን እንደምለው ሳላውቅ ወደ ልጁ ተጠጋሁ። ቀና ብሎ የነጭ ጫማዬን አቧራ፣ ቀጥሎም ፊቴን አየና ጆጉን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

“ጋሼ፣ መኪናዎትን ላምጣልዎትና ልጠብልዎት?”