የሌሊት ተረኛ ተማሪና ቡናው

ዛሬ ደሴ ላይ ከሌሊት ተረኝነት ከወጡ የነርሲንግ ተማሪዎች ጋር ስናወራ፣ ጥያቄው ሁሉ እንቅልፍ ላይ ነበር። ልጆች፣ ቡናውን በተረኝነቱ መጀመሪያ ጠጡት። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጣችሁ ነው። ለማጥናት ብላችሁ የምትቅሙት ጫትማ እንቅልፉንም የምግብ ፍላጎቱንም ይወስዳል። ስትተኙ መስኮቱን በጋቢ ጋርዱ፣ ስልኩን ዝም አሰኙ።

ሽሮና ምስር ላይ ወዲያው ሻይ መደረብ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት (አይረን) በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲጨመር ግን ብረቱ ይበልጥ ይመጠጣል።

እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ፤ በቀን 30፣ 5 ቀን። ባጃጁን ተዉት፣ የደሴ ዳገት ከጂም አያንስም (ክፍያም የለውም)።