ዓይን ጨፍኖ ሌክሰስ መግዛት

ኖቬምበር 2025 ላይ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ወደ 127,000 የሚጠጉ መኪኖቹን በሞተር ችግር ሪኮል አደረገ፤ ማለትም እንዲስተካከሉ መልሶ ጠራ። ዝርዝሩ ውስጥ የ2024 ሌክሰስ (የቶዮታ የቅንጦት ስም) ጂኤክስ 550 አለበት። እኔና ባለቤቴ ስንቆጥብለት የከረምነው መኪና! ከዚያን ቀን ወዲህ እራት ላይ ሌላ ወሬ የለንም። ልጆቹ ሁሉ ሰልችቷቸዋል። ጭንቅላቴ ውስጥ ከሚመላለስ እዚህ ላስፍረው።

ጂኤክስ 550 የተዋወቀው በጁን 2023 ነው። ሽያጭ ላይ የዋለው በ2024 መጀመሪያ። ያየው ሁሉ ወደደው፤ እኔም ወደድኩት። ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የወጣ፣ የድሮውን ላንድክሩዘር የሚያስታውስ ቁመና አለው። ሲገቡበት ሰፊ መስታወት፣ 14 ኢንች ስክሪን፣ የሚያሳርፍ ወንበር። መነሻ ዋጋው ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። ሁሉም የተሟላለትን ካሉ 80,000 ይደርሳል። ለእኛ ቤት ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለቤቴ ነርስ ናት። የስንት ሌሊት ተረኝነቷ እዚህ ገንዘብ ውስጥ አለ።

ትልቁ ለውጥ ያለው ግን ኮፈኑ ስር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ጂኤክስ 460 ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 4.6 ሊትር ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ 301 የፈረስ ጉልበት። አዲሱ 3.4 ሊትር ቪ6 ነው፤ ሁለት ቱርቦ ተጨምሮለት 349 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ከትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት ማውጣት ማለት ነው። ቶዮታ ይህንኑ ሞተር ቱንድራ ፒክአፕ ላይና ትልቁ ሌክሰስ ኤልኤክስ 600 ላይም ገጥሞታል።

እኔ ሌክሰስን የወደድኩት በማስታወቂያ አይደለም። ዲሲ እንደመጣሁ የሰራሁት ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችን እዚያ ነው የጀመርነው። ቁልፍ እየተቀበልኩ ያላቆምኩት የመኪና ዓይነት የለም። አንዲት ጠበቃ ነበሩ፣ አሮጌ ጂኤክስ 470 የሚነዱ። ማይሉ 300,000 ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ጠዋት መኪናውን ስረከባቸው ሞተሩ እየሰራ መሆኑን ለማወቅ ዳሽቦርዱ ላይ ቀስቱን ማየት ነበረብኝ። ድምፅ የለውም፣ ንዝረት የለውም። አንድ ቀን የእኔም እንዲህ ያለ መኪና ይሆናል ያልኩት ያኔ ነው።

ሪኮሉ እንደተሰማ መጀመሪያ የሄድኩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጋራዥ ወዳላቸው ወደ ጋሼ ነው። አዲስ አበባ እያሉም መካኒክ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሞተር ሲፈቱ ነው የኖሩት። ነገሩን ስነግራቸው ብዙም አላወሩም። ከመደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ።

«ና ልጄ፣ እጅህን አምጣ» አሉኝ።

ሁለት ግማሽ ክብ ስስ ብረቶች መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ብሮንዚን ናቸው፤ የሞተሩን ዋና ዘንግ የሚያቅፉ። ከሌላ መኪና የወጡ ናቸው፣ ከጂኤክስ አይደሉም። «ጥፍርህን አሂድበት» አሉ። አንደኛው ላይ ጥፍሬ ተንሸራቶ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ገና ሳይጀምር ያዘው። ጠጋ ብዬ ሳየው ብርማው ልባስ ተፍቆ ከስሩ የመዳብ ቀለም ብቅ ብሏል። መሃል ለመሃል ክር የሚያክል ጭረት ሄዶበታል። «ይቺን የምታህል ጭረት ነች ሙሉ ሞተር የምትገድለው» አሉኝ።

ከዚያ አስረዱኝ። ኮሎው፣ ማለትም ዘንጉ፣ ሲሽከረከር ብሮንዚኑን በቀጥታ አይነካውም። በመሃላቸው ስስ ዘይት አለ፤ ሁሉ ነገር የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሞተሩ አካል ሲቆረጥና ሲበሳ የብረት ብናኝ ይወጣል። ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ብናኙ ታጥቦ መውጣት አለበት። ቶዮታ ራሱ ባመነው መሰረት አንዳንድ ሞተሮች ውስጥ ይሄ ብናኝ በደንብ ሳይጸዳ ቀርቷል። ብናኙ ዋናው ብሮንዚን ጋ ይደርሳል። ጫና ሲበዛበት ብሮንዚኑ ይበላል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አልነሳም ይላል። ሲብስ ደግሞ እየሄደ ይጠፋል።

«በደንብ ባልተነፋ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ በለው» አሉ ጋሼ። «ላዩ ያምራል። አሸዋውን የምታገኘው ስታኝከው ነው።»

ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ብንቀይርለትስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘይት መቀየር መቼም አይጎዳም፤ የተጫረ ብሮንዚን ግን አይመልስም አሉኝ።

ጥርጣሬዬን ያባሰው የነገሩ አመጣጥ ነው። ይሄ ሪኮል የመጀመሪያው አይደለም። ሜይ 2024 ላይ ቶዮታ ወደ 102,000 የሚጠጉ የ2022 እና የ2023 ቱንድራና ኤልኤክስ 600 ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ ያው ብናኝ ነው። በጁላይ ደግሞ ሞተራቸውን እቀይራለሁ አለ። ያኔ ሁላችንም ተነፈስን። ጂኤክስ የለበትም፣ የ2024 ሞዴል የለበትም፣ ችግሩ ታውቆ ተዘግቷል ተባለ። ይኸው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የ2024ቱ ቱንድራም፣ ኤልኤክስም፣ ጂኤክስም ተጨመረ። አሁን ሻጮቹ የ2025ቱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ይሉናል። እውነታቸውን ነው፣ በኖቬምበሩ ጥሪ ውስጥ የለም። የ2024ቱም እኮ በመጀመሪያው ውስጥ አልነበረም።

የሃይብሪዱ ነገርም አልተዋጠልኝም። ሃይብሪድ ቱንድራ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው) ያላቸው ሰዎች ሪኮሉ አይመለከታቸውም። የቶዮታ መልስ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ በኤሌክትሪኩ ትንሽ መሄድ ስለሚችል የደህንነት ስጋት የለውም የሚል ነው። በሕጉ ዓይን ያስኬድ ይሆናል። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። በገዛ ገንዘቡ የገዛ ሰው የሚጨነቀው መንገድ ዳር ተገፍቶ መቆም መቻሉን ብቻ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ቦታ አንድ የ2024 ጂኤክስ አገኘን። ብዙ አልተነዳም። ዋጋው ከአዲሱ በደንብ ይቀንሳል። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መሪውን ስትነካው ሆዴ ተንቦጨቦጨ። ሻጩ ስለ ቆዳው፣ ስለ ስፒከሩ፣ ስለ ካሜራው ነገረን። ስለ ሪኮሉ ትንፍሽ አላለም። የሻንሲ ቁጥሩን፣ 17ቱንም ፊደልና አኃዝ፣ ከመስታወቱ ስር ገልብጬ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አየሁት። ሪኮሉ ክፍት ነው፣ ምንም አልተሰራለትም። ስንጠይቀው «እሱ ወረቀት ብቻ ነው» አለን።

እዚህ አገር አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሰራለት መሸጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ያገለገለ ሲሆን ግን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ብዙ ወገኖቻችን የሚገዙት ደግሞ ያገለገለ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሻንሲ ቁጥሩን እዩ። ነፃ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባለቤቴ ከእኔ በላይ ረጋ ያለች ናት። የሞተሩ ዋስትና 6 ዓመት ወይም 70,000 ማይል ነው፣ ሪኮሉም በነፃ ነው የሚሰራው፣ ታዲያ ምን ያስፈራሃል ትለኛለች። በገንዘቡ በኩል ልክ ናት። እኔ የማስበው ዲሲን የሚዞረውን ሃይዌይ፣ 495ን ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት፣ በግራ ረድፍ፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ጭነት መኪና ተከትሎን ሞተሩ ቢጠፋስ? ዋስትናው ሞተሩን ይተካል። እንዲህ ስላት ዝም አለች። ደጋግማ ታስበዋለች፣ አውቃታለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ በስልክ ሳቀብኝ። «ቶዮታ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ዝም ብለህ ግዛ» አለኝ። አገር ቤት ሰው ቶዮታን የሚያምነው በወሬ አይደለም። ገጠር ገብቶ፣ ጭቃ ዋኝቶ፣ መለዋወጫው በየቦታው ተገኝቶ ነው። ያን እምነት አልነቅፍም፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን ያንን ስም ያተረፉት የድሮዎቹ ሞተሮች ናቸው። ይሄኛው ሞተር ገና የራሱን ማሳየት አለበት።

ሌክሰስ ከስህተት የጸዳ ኖሮ አያውቅም። ሴፕቴምበር 1989 ላይ የመጀመሪያው መኪናው ኤልኤስ 400 አሜሪካ ገባ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ፣ ጥቂት ደንበኞች ስለ ኤሌክትሪክ ገመድና ስለ ፍሬን መብራት ቅሬታ አሰሙ ብሎ፣ የተሸጡትን ወደ 8,000 የሚሆኑ መኪኖች በሙሉ ጠራ። ሠራተኞቹ ሰው ቤት ድረስ ሄደው መኪናውን ወሰዱ። ጠግነው፣ አጥበው፣ ነዳጅ ሞልተው መለሱ። ገና ማንም የማያውቀው ስም ነበር። ሰው ያመነው ያን ጊዜ ነው።

ጂኤክስ 460ም ሲወጣ እንዲሁ ተፈትኗል። ኤፕሪል 2010 ላይ ዕቃ እየፈተሸ ለገዢዎች የሚመክረው ኮንሱመር ሪፖርትስ መጽሔት በፍጥነት ሲታጠፍ ኋላው ይሸሻል፣ ሊገለበጥ ይችላል ብሎ እንዳይገዛ አስጠነቀቀ። ሌክሰስ ወዲያው ሽያጩን አቆመ። ሳምንት ሳይሞላ የማስተካከያ ሶፍትዌሩን ይዞ መኪኖቹን ጠራ። ሜይ ላይ ማስጠንቀቂያው ተነሳ። ያ መኪና ከዚያ በኋላ እስከ 2023 ሞዴል ድረስ ተሸጠ፤ ዛሬ ሰው በባትሪ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሞተር መቀየር ሶፍትዌር እንደመጫን እንዳልሆነ ይገባኛል። ከ100,000 በላይ መኪና ደግሞ 8,000 አይደለም። ግን ሰው 80,000 ዶላር ከፍሎ «መፍትሄው እየተዘጋጀ ነው፣ ሲደርስ እናሳውቃለን» የሚል መልስ ሲሰጠው በጣም ያሳዝነኛል። እስከዚያ ይንዳው ወይስ ያቁመው? ወርሃዊ ክፍያው እንደሆነ አይቆም።

ይሄ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። አንድ ማኅበርተኛዬ የ2024ቱን ጂኤክስ አዲስ እያለ ነው የገዛው። መኪናው እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስቸገረውም፣ ይህን መናገር አለብኝ። ሪኮሉ ከተሰማ ወዲህ ግን ሚስቱ ልጆቹን ጭኖ ሃይዌይ እንዳይወጣ ከልክላዋለች። ኮሎምበስ ኦሃዮ የዘመድ ሰርግ አለባቸው፤ የሰው መኪና ሊዋስ እየዞረ ነው።

እኛ የ2022 ወይም የ2023 ጂኤክስ 460 እንፈልጋለን፤ ባለቤቴም በዚህ ተስማምታለች። እሱም ርካሽ አይደለም፣ ግን ቪ8ቱ አለው። ለማኅበርተኛዬ ደግሞ ትናንት ማታ አብረን ደብዳቤ ጻፍን። ሁለት ነገር ነው የጠየቅነው። ሞተሩ እስኪታይ ድረስ የሚነዳው ተለዋጭ መኪና እንዲሰጠው፣ እና የጥገናው ቀን በጽሑፍ እንዲነገረው። ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን የሸጠለት ሻጭ ጋ ይዘነው እንሄዳለን።