አሮጌውን ፊልትሮ አትጣሉት

የናፍጣ ፊልትሮ፣ ማለትም ማጣሪያውን፣ መቀየር ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ቡሬ ውስጥ ያለ ማንኛውም መካኒክ ቡና ተፈልቶ ሳይወርድ ጨርሶ እጁን ይታጠባል። እኔ ራሴ መቀየር የጀመርኩት ለመካኒክ የምከፍለው ገንዘብ አሳስቦኝ አይደለም። አሮጌው ፊልትሮ ወዲያው ተፈትቶ ከጋራዡ ጥግ ስለሚወረወር ውስጡ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር። እሱን ማየት ፈለግሁ። አሁን ሥራው ስለለመደልኝ እስካሁን የደረስኩበትን እንደኔው የራሳችሁን መኪና ለምትነዱ ላካፍላችሁ።

መኪናዬ አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ ኮምፒውተር የሌለበት፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ በሞተሩ ጥርስ የሚዞር አሮጌው ዓይነት። ከቡሬና ከወንበርማ በቆሎ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እወጣለሁ፤ ስመለስ ቆርቆሮም ሲሚንቶም የተገኘውን እጭናለሁ። ስለዚህ የፊልትሮን ነገር የሚፈትንልኝ ዓባይ በረሃ ነው። ስሄድ የጎሃ ጽዮን ዳገት አለ፣ ስመለስ የደጀን አለ። ሜዳ ላይ ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ ምንም አያስታውቅም፤ ሞተሩ የሚጠይቀው ናፍጣ ትንሽ ስለሆነ ያለው ይበቃዋል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ግን የሚፈልገውን ያህል አያልፍለትም። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪና ሁለተኛ ይለምናል።

ጉልበት ሲጠፋ ወደ ፊልትሮ ከመሮጥ በፊት ጭሱን ማየት ይገባል። ሞተሩ አየር ካነሰው ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጥፋቱን የአየር ማጣሪያው ጋ ፈልጉ። ናፍጣ ካነሰው ግን የሚጨስ ነገር የለውም፤ ጭሱ ንጹሕ ሆኖ መኪናው ብቻ ይደክማል። ከፍታውን የምትወቅሱም አላችሁ። እውነት ነው፣ ድልድዩ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ አናቱ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ማንኛውም ሞተር ጥቂት ይደክማል። ነገር ግን ገና ከድልድዩ ሲነሣ የደከመ መኪና በከፍታ አያመካኝ።

ሌላም ቀላል ፍተሻ አለ። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራና በናፍጣ ቅባት ትደፈናለች። ያኔ ናፍጣው በተመጠጠ ቁጥር ታንኩ ውስጥ አየር አይተካም፤ ሞተሩም ልክ ፊልትሮ እንደተደፈነበት ይሆናል። መኪናው ሲደክም ዳር ይዛችሁ ክዳኑን ክፈቱ። አየር እያፏጨ ከገባና ጉልበቱ ከተመለሰ የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ፊልትሮ ሳይሆን አንዲት ቀጭን ሽቦ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም ቢባልም የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲፈስ ሌላ ነገር ነው። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ገብቶ፣ ከታች ባልዲ ተቀምጦ ይጀመራል። ሰው ሁሉ የሚዘለው የሚቀጥለውን ነው፦ ፊልትሮው ከመፈታቱ በፊት ዙሪያውንና የሚቀመጥበትን ራስ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ አጽዱት። ከዚያ ራስ ላይ የረገፈ አሸዋ አዲሱን ፊልትሮ አልፎ በንጹሑ በኩል ከገባ በቀጥታ ፖምፓው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያግደው የለም።

አሮጌው ሲወርድ ጎሚኒውን፣ አፉን የሚያሽገውን ክብ ላስቲክ፣ እዩ። ሙቀት የበላው ጎሚኒ አንዳንዴ ከፊልትሮው ጋር አይወርድም፤ ከላይ ካለው ራስ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እሱ ሳይነሣ አዲሱ ከታሰረ ጎሚኒ በጎሚኒ ላይ ይሆንና አየር ይስባል። ጠዋት አልነሣ የሚሉ ብዙ መኪናዎች ችግራቸው ይኼው ነው። ከዚያ የአዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ናፍጣ አርሱትና በእጅ አዙሩ። ጎሚኒው ከላይ ያለውን ራስ ሲነካ ሁለት ሦስተኛ ዙር ያህል ጨምሮ ማቆም ይበቃል። በቺያቤ (በመፍቻ) የሚያጠብቅ ሰው ለሚቀጥለው ፈቺ ቂም ያለበት ይመስለኛል።

አዲሱን ባዶውን አስሮ ሁሉን በእጅ ፓምፕ መሙላት ይቻላል፤ ክንድ ያደክማል እንጂ ክፋት የለውም። ቀድማችሁ የምትሞሉ ከሆነ ግን ናፍጣው በዙሪያው ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይግባ እንጂ በመሐለኛው ትልቅ ቀዳዳ አይሁን። በዙሪያው የገባው በወረቀቱ ተጣርቶ ያልፋል፤ በመሐል የፈሰሰው ከነቆሻሻው ወደ ፖምፓው ነው።

አየሩን ማስወጣት ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቡሎን ትንሽ አላልታችሁ የእጅ ፓምፑን ትጫናላችሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ነጣ ያለ አረፋ ነው። ቀጥሎ አረፋው ይቀርና እንደ ሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ፊኛዎች አንድ በአንድ እየፈነዱ ይመጣሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። አንድም ፊኛ የሌለበት፣ ጥርት ያለ ናፍጣ ቡሎኗን ተከትሎ እስኪፈስ ድረስ መቀጠል ነው። ከዚያ ቡሎኗን አጥብቆ ፓምፑ ከእጅ ሥር ጠጠር እስኪል መጫን። ሥራውን ያሳዩኝ የደብረ ማርቆስ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። «በቃ ጋሼ፣ ወጥቷል» ስላቸው፣ «አንተን ነው የበቃህ ወይስ አየሩን?» ብለው እንደገና አስጀመሩኝ። ሞተሩ ሲነሣም የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ከ10 ሴኮንድ በላይ አለመያዝ፣ ካልተነሣ ትንሽ አሳርፎ መድገም ነው፤ ባትሪውም ሞተሪኖውም ገንዘብ ናቸው።

አሁን ወደ አሮጌው። ውስጡ የቀረውን ናፍጣ በሃይላንድ ፕላስቲክ ገልብጬ ሳላንቀሳቅስ አሳድረዋለሁ። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን ውሃው ከሥሩ ይተኛል፤ ጠዋት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዩት በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከውሃው ሥር ቡናማ ዝቃጭ ካለ ብዙውን ጊዜ የታንኩ የውስጥ ዝገት ነው። በመስመሩ ላይ የሚያዳልጥ ጥቁር ንፍጥ ነገር ከተንሳፈፈ ደግሞ ውሃው ሰንብቷል ማለት ነው፤ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚራቡ ደቂቅ ሕዋሳት አሉ።

ከዚያ ቆርቆሮውን በብረት መጋዝ ከጠርዙ ቆርጬ ወረቀቱን አወጣና እጥፋቱን እዘረጋለሁ። መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥ፤ ናፍጣ በባሕርዩ ወረቀት ያጠቁራል። እኔ የምፈልገው በጣት ሲዳሰስ የሚንኮሻኮሽ ነገር መኖሩን ነው። ወረቀቱ ከጫፉ ተላቆ ካገኘሁት ያንን ዓይነት ፊልትሮ ዳግመኛ አልገዛም፤ ማሸጊያው የቱንም ያህል ቢያምር ሙጫው የለቀቀ ወረቀት ቆሻሻውን ሁሉ በጎን ያሳልፋል። ከገበያ የሚገዛውን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ከዋናው ለመለየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ ክፋቱ ፍርዱ የሚመጣው ዕቃው ካገለገለ በኋላ መሆኑ ነው።

እንዲህ እያየሁ ሁለት ነገር ለይቻለሁ። ማደያ ናፍጣ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በበርሜል በገዛሁባቸው ጊዜያት የውሃው መስመር ከፍ ይላል። ስለዚህ በርሜል ግድ ሲሆንብኝ ካደረ በርሜል፣ ከላይ በኩል እንዲቀዳልኝ እጠይቃለሁ፤ የሥሩን ሻጩ ራሱ ይያዘው። ሁለተኛው ብርዱ ነው። እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ሲታደር ግማሽ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ከብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ማታ ታንኩን ሞልቶ ማደር ለጤዛው ቦታ ያሳጣዋል። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማስወገጃም ጠዋት ሞተር ሳይነሣ፣ ውሃው ሌሊቱን ከሥር ዘቅጦ ሳለ መክፈት ይሻላል፤ ከተነዳ በኋላ ተደባልቆ ይጠብቃችኋል።

አዲሱን ኤንፒአር፣ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውንና ኮመን ሬል የተባለውን፣ ለምትነዱ አንድ ማስጠንቀቂያ። የእናንተን ፊልትሮ ከጀሪካን አትሙሉት፤ ባዶውን አስራችሁ በፓምፑ ብቻ ሙሉት፤ የዚያን ሞተር ኖዝል፣ ናፍጣ የሚረጨውን አፍ፣ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ያበላሸዋል። በሚሠራ ሞተር ላይ የኖዝል ቧንቧ ማላላትም የአሮጌው ሞተር ልማድ ነው። እናንተ ጋ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚሄድ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል።

የሚቀረኝ ሥራ አለ። መኪናው ሌሊት ቆሞ ሲያድር ጠዋት አንድ ሁለቴ ካልተሞከረ አይነሣም፤ ፊልትሮው ደግሞ አዲስ ነው፣ ጎሚኒውም አንድ ብቻ ነው። ከታንኩ በሚመጣው መስመር መሐል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቱቦ አስገብቼ ፊኛ ያልፍ እንደሆነ ልመለከት ነው። ካለፈ ተጠርጣሪዎቹ ከቱቦው ወደ ታንኩ ያሉት ማሰሪያዎችና የመዳብ ቀለበቶቹ ናቸው። ቀለበቶቹን እስኪቀሉ አግሎ ውሃ ውስጥ በመንከር እንደገና ማለስለስ ይቻላል፤ አዲስ ከተገኘ ግን አዲስ ይሻላል። ታንኩ ውስጥ ከመምጠጫው ጫፍ ያለችውን ወንፊት ታንኩን ሳያወርድ ያጸዳ ሰው ካለ እንዴት እንዳወጣት ይንገረኝ፤ የእኔ የመምጠጫው ቡሎን ዝጎ እንቢ ብሎኛል።