ከምድጃው ጎን ያለ አልጋ

እማዬ ቤልፋስት ከመጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ዛሬ በባቡር ኩልትራ ወሰድኳት። የድሮ የገጠር ቤቶች ድንጋይ በድንጋይ ፈርሰው፣ ተጭነው መጥተው እንደገና የቆሙበት ሙዚየም ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። እኔ ሦስቴ ሄጃለሁ። ምን እንዳየሁ ግን እንጃ።

ከዶኔጋል አውራጃ የመጣው ቤት ገና እንደገባን እማዬ ወለሉን ዝቅ ብላ አይታ «ላሞቹ በዚህ በኩል ነበሩ» አለች። ማንም አልነገራትም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሰው ወደ ምድጃው፣ ከብት ወደ ታች። ትንሿን ባለሦስት እግር መቀመጫ ስታይማ «ዱካ!» ብላ ጮኸች። ወለሉ አፈር ስለሆነ አራት እግር ይንገዳገዳል፣ ሦስት ግን ረግቶ ይቆማል። ዝቅ ያለው ደግሞ ከጭሱ በታች ለመቀመጥ ነው።

አልጋው ነው የገረመኝ። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ወደ ውጭ ገፋ አድርገው ለአንድ አልጋ የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ ይሠሩ ነበር። በአይሪሽ ቋንቋ «ካልያሕ» ይሉታል፤ ቃሉ አሮጊት ማለትም ነው። ብዙ ጊዜ የሚተኙበት የቤቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። መጋረጃው ሲገለጥ እሳቱም፣ ጨዋታውም እዚያው ነው። ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑት፣ ጠዋት ይገልጡት ነበር። ለትውልድ ሳይጠፋ ኖረ የሚባል እሳት አለ።

እንጨት ብርቅ ነበር። ደኑ ስላለቀ ረግረግ ውስጥ የተቀበረ የጥንት ግንድ ይፈልጉ ነበር። ጠዋት ጤዛው ቀድሞ የጠፋበትን ቦታ አይተው ረጅም ብረት ይሰድዳሉ፤ ጠንካራ ነገር ከነካ ይቆፍራሉ። እንዲህ ተለፍቶ በተገኘ እንጨት የሚሠራ ዕቃ አንድ ሥራ ብቻ ቢሠራ ነውር ነው። ስለዚህ ሴትል ቤድ የሚሉት አለ፤ ቀን መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ማታ ወደ ፊት ተዘርግቶ እንደ ሣጥን ያለ አልጋ። የገለባ ፍራሹ ቀን ሆዱ ውስጥ ይውላል። ልጆች ግማሹ በራስጌ፣ ግማሹ በግርጌ ይታጨቁበታል። መንገደኛ ወይም ለማኝ ሲመጣም እዚያው ያድራል።

አልጋ የሌላቸው ድሆች ደግሞ መሬት ላይ በተርታ ይተኙ ነበር፦ ሴት ልጆች ከበር ርቀው፣ ከዚያ እናት፣ አባት፣ ወንዶች ልጆች፣ መጨረሻ በሩ ጋ እንግዳ። ይህን ስነግራት እማዬ «ልክ ነው» አለች፣ እሷን ያማከሯት ይመስል።

ማታ ቤት ገብተን ሶፋውን ዘርግቼ አነጠፍኩ። አልጋዬን ለእሷ ለቅቄያለሁ።

«ይሄም ይዘረጋል እንዴ?»

«አዎ፣ እንግዳ ሲመጣ ብዬ ነው የገዛሁት።»

«እና ይመጣል?»

ዘንድሮ ማን እንዳደረበት ለማስታወስ ሞከርኩ።