ያለ ሪፈር ወረቀት

ዛሬ ለወገቤ ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ በቀጥታ ፊዚዮቴራፒስት (ሕመምን በእንቅስቃሴና በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ጋ ገባሁ። እንደሚቻል የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ፊዚዮቴራፒስቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ታካሚ ማየት ይችላሉ፤ በአሜሪካም ገደቡ ይለያይ እንጂ 50ዎቹም ግዛቶች ይፈቅዳሉ።

በጣም ደስ ያለኝ ገና ሳትነካኝ የጠየቀችኝ ነገር ነው። «ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎት ያውቃል? መቀመጫዎና በጭኖችዎ መሀል ይደነዝዝዎታል? ትኩሳት አለዎት? እንዲሁ በድንገት ከስተዋል?» አንዱን እንኳ አዎ ካልኩ ወደ ሐኪም እንደምትልከኝ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ያለ ሐኪም ከባድ ነገር ቢያልፈኝስ ብዬ ነበር የምሰጋው።

ከዚያ በጀርባዬ አስተኝታ እግሬን ሳይታጠፍ ቀስ እያለች አነሳችው፤ ሕመሙ ወገቤ ላይ ይቀራል ወይስ ከጉልበት በታች ይወርዳል? ከወረደ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። የእግሬን አውራ ጣት ጥንካሬ ሳይቀር ፈተሸች። እንዲህ ተረጋግቶ የሚያይ ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው!

ኢንሹራንስ ያላችሁ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሕጉ ቢፈቅድም ያለ ሪፈር አልከፍልም የሚል አለ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት እምቢ ካላችሁ ወይም ካመለጣችሁ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።