ውሃ ልኩ አልተሳሳተም፣ የጠመመው ዓይኔ ነው

የሕንፃ ፊኒሺንግ (የማጠናቀቂያ ሥራ) ፎርማን ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ቀጥ ያለውን ካልቀናው መለየት ነው በቃ። እና የቀኝ ዓይኔ ሬቲና፣ ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ተላቀቀ። መጀመሪያ ጥቁር ነጠብጣብ ነገር ይንሳፈፍብኛል፣ ጨለማ ውስጥ ደግሞ በጎን በኩል ብልጭ ብልጭ ይላል፣ አቧራና ድካም ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ (ጅልነት!) ከዛ በአፍንጫዬ በኩል ጥላ እንደ መጋረጃ እየተሳበ መጥቶ መሀሉን ሸፈነው።

ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ነገር አውጥተው ጋዝ ሞሉት፣ ሬቲናው እስኪጣበቅ ድረስ ጋዙ ገፍቶ ይይዘዋል። ለቀናት ፊቴን ደፍቼ ኖርኩ፣ ጋዙ እስኪያልቅም አውሮፕላን የሚባል ነገር እንዳታስብ ተባልኩ፣ ከፍታ ላይ ጋዙ ያብጥና የዓይን ግፊት ይጨምራል።

መጀመሪያ በዛ ዓይን እጄን ሳወዛውዝ እንደ ጥላ ብቻ ነበር የማየው። ቆይቶ ከላይ በኩል ትንሽ ጠራ፣ ከጠራው በታች መስመር አለ፣ የጋዙ ጠርዝ ነው፣ ከመስመሩ በታች ብዥ። ስራመድ ይናጣል፣ ጭንቅላቴን ወደ ጎን ሳዘነብል መስመሩ አብሮኝ አያዘነብልም፣ ወለሉን ተከትሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ልክ ዓይኔ ውስጥ ገጠሙልኝ እያልኩ ቤት ውስጥ እቀልድ ነበር። መስመሩ በየቀኑ ዝቅ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ ታች ትንሽ ክብ አረፋ ሆነና አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የለም። ዳንኩ አልኩ! ሐኪሙ ሥራ መጀመር ትችላለህ ሲለኝ በማግስቱ ሳይት ላይ ነኝ።

ኮሪደር ላይ ልጁ ሴራሚክ ያነጥፋል። ቁጢጥ ብዬ እንደ ልማዴ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ መስመሩን አየሁት፣ መሀል ላይ ሆዱን አውጥቷል። ትልቅ ስህተት ነው፣ እንዴት ይሄ አልታየህም፣ እኔ ስተኛ ሥራ ተረሳ ማለት ነው ምናምን ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ አንሳው አልኩ። ልጁ ምንም አላለም፣ 12 ሴራሚክ አነሳ፣ መልሶ አነጠፈ፣ እንደገና አየሁት፣ ያው ነው፣ እዛው ቦታ ላይ ያው ሆድ።

ያኔ ሲባጎውን ከጫፍ ጫፍ ወጥሮ "ጋሼ በዚህ ይዩት እስኪ" አለኝ። ሲባጎው ራሱ ጎብጦ ታየኝ። የተወጠረ ሲባጎ እኮ አይጎብጥም! ቀኙን ጨፍኜ በግራ አየሁት፣ ቀጥ። በቀኙ፣ ጎባጣ። በግራው፣ ቀጥ። ላቡ ነው የወረረኝ።

ሐኪሙ ጋ ስሄድ አልደነገጠም። ጥላው የሸፈነው ማኩላ የሚባለውን የሬቲናውን መሀል ነበር፣ መሀሉ ተላቆ ሲመለስ እንደ ድሮው ልክክ ብሎ ላይቀመጥ ይችላል፣ ስለዚህ ቀጥ ያለው ነገር ይታጠፋል፣ ፊደልም አነስ ብሎ ይታያል፣ በወራት ይሻላል፣ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋም ይችላል አለኝ። በትናንሽ ካሬ የተሰመረ ወረቀት ሰጥቶኝ አንድ አንድ ዓይን እየጨፈንክ እቤት እየው፣ መጣመሙ ከባሰ ና፣ አዲስ ጥላ ወይ ብልጭታ ከመጣ ግን ዛሬ ነገ ሳትል የዛኑ ቀን ና አለኝ። የገረመኝ፣ አረፋው እያለ መስመሩን ስመለከት ከርሜ በዛ ዓይን ብቻ አንድ ቀን እንኳ የበር ፍሬም አይቼ አላውቅም፣ ሁለቱንም ስገልጥ ግራው ይሸፍንልኛል።

ልጁን እዛው የጮህኩበት ኮሪደር ላይ ሰው ባለበት ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ያነሳውንም እንደ ተጨማሪ ሥራ አስመዘገብኩለት። አሁን ሲባጎና ውሃ ልክ ሳይዝ የሚያናግረኝ የለም። ቁጢጥ ባልኩ ቁጥር ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ "ጋሼ፣ በየትኛው ነው?" ይለኛል።